የተደጋገመ መዝገብ ስሕተት በንግድ ሶፍትዌር፦ አለያየቱና አወሐሐዱ

የሂሳብ ሠራተኛው አዲስ ደንበኛ ሊመዘግብ፣ የግዥ ክፍሉ የአቅራቢ ደረሰኝ ሊያስገባ ወይም የመጋዘን ኃላፊው አዲስ የዕቃ ኮድ ሊከፍት ሲል ሶፍትዌሩ «ይህ መዝገብ ቀድሞ አለ» ብሎ ያቆመዋል። ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ የሚደረገው በስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብ መጨመር፣ ከኮዱ ኋላ «2» መጻፍ ወይም በደረሰኙ ቁጥር መሐል ሰረዝ ማስገባት ነው። ሶፍትዌሩ ይቀበላል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ የአንድ ደንበኛ ዕዳ በሁለት ሂሳብ ተከፍሎ ሲገኝ፣ ለአንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ክፍያ ሲፈጸም፣ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ያለ ዕቃ አልቋል ተብሎ እንደገና ሲገዛ። ይህ መመሪያ በፒችትሪ፣ በኦዱ፣ በኢአርፒኔክስት ወይም በሌላ ተመሳሳይ ሶፍትዌር ለሚሠሩ የሂሳብ፣ የሽያጭና የመጋዘን ሠራተኞች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከሁሉም አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሶፍትዌሩ አንድ ናቸው ያላቸው ሁለት መዝገቦች በእርግጥ አንድ መሆን አለመሆናቸውን በሰነድ ሳያረጋግጡ ማስጠንቀቂያውን አለማለፍ።

አንደኛ፦ መልእክቱን ሙሉ በሙሉ ማንበብና መመዝገብ

መልእክቱን ከመዝጋትዎ በፊት የስክሪኑን ፎቶ ያንሱ፤ የትኛው ቅጽ ላይ እንደነበሩ፣ ምን እየመዘገቡ እንደነበርና ሰዓቱን ይጻፉ። ስሕተቱ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ መመሳሰል አይቶ ይጠይቃል፣ ተጠቃሚው ከፈቀደ ግን ይመዘግባል። ሁለተኛው የዳታቤዙ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ መረጃውን የሚያከማችበት ቋት፣ ክልከላ ነው፤ አንድ ቁጥር ወይም ኮድ በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገኝ ተወስኗልና ምንም ቢደረግ አይመዘገብም። ይህ ክልከላ እንደ ዳታቤዙ ዓይነት በማይኤስኪውኤል ላይ በ1062፣ በፖስትግሬስ ላይ በ23505፣ በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ደግሞ በ2627 ወይም በ2601 ቁጥር ይታወቃል። ከቁጥሩ ጋር የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የተጋጨውን ዋጋ ወይም የመለያውን ስም ስለሚገልጽ፣ የቴክኒክ ቋንቋ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ችግሩ በስሙ ላይ ይሁን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ወይም በኮዱ ላይ የሚነግረን እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኔትወርክ በሚዘገይበት ቦታ ሠራተኛው «አስቀምጥ» የሚለውን ተጭኖ መልስ ሲዘገይበት ደግሞ ይጫናል፤ የመጀመሪያው ምዝገባ ተሳክቶ ሳለ ሁለተኛው የስሕተት መልእክት ያመጣል። ስለዚህ እንደገና ከመሞከር በፊት ከዝርዝሩ ወጥቶ ተመልሶ በመግባት መዝገቡን መፈለግ ያስፈልጋል። ካለና ዝርዝሩ ትክክል ከሆነ ሥራው አልቋል።

ሁለተኛ፦ ባክአፕ መውሰድ

መዝገብ የሚነካ ማንኛውም እርምጃ ከመጀመሩ በፊት ሌሎች ተጠቃሚዎች ከሶፍትዌሩ እንዲወጡ አድርጎ ሙሉ ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) መውሰድና ከኮምፒውተሩ ውጭ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የተዋሐዱ መዝገቦችን እንደገና የሚለያይ ትእዛዝ በአብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ውስጥ የለምና፣ ስሕተት ከተፈጠረ የሚመለሱበት መንገድ ይህ ባክአፕ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ማንነትን የሚወስነውን መለያ መለየት

ሁለት መዝገቦች አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው መለያ እንደ መዝገቡ ዓይነት ይለያያል፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም ስምን እንደ መለያ ከመቁጠር ነው። በአገራችን ሰው የሚመዘገበው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ስለሆነ የራስና የአባት ስማቸው አንድ የሆኑ ሰዎች በአንድ የደንበኞች ዝርዝር ውስጥ መገኘታቸው የተለመደ ነው። በመሆኑም ለግለሰብ ደንበኛ ቢያንስ የአያት ስም፣ ስልክ ቁጥርና ካለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወይም የፋይዳ ቁጥር ሊመዘገብ ይገባል። ስልክ ለማመሳከር ይረዳል እንጂ ብቻውን አይወስንም፤ አንድ ስልክ ለባልና ለሚስት ሱቅ ወይም ለአንድ ድርጅት ሁለት ሠራተኞች ያገለግላል። ስልኮችን ሲያነጻጽሩ የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች ብቻ ይመልከቱ፤ አንዱ በ0፣ ሌላው በ251፣ ሦስተኛው በመደመር ምልክት የተጻፈ ቢሆንም የመጨረሻዎቹ 9 አኃዞች አይለወጡም።

ለድርጅት ጠንካራው መለያ 10 አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በተለምዶ ቲን የምንለው ነው። ብዙዎቹ ቲኖች በዜሮ ይጀምራሉ፤ ዝርዝሩ በኤክሴል ተከፍቶ ዓምዱ እንደ ቁጥር ከተነበበ ግን የፊት ዜሮዎቹ ይጠፋሉ፤ በ00 የሚጀምር ቲንም ባለ 8 አኃዝ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ፋይል ተመልሶ ወደ ሶፍትዌሩ ሲገባ፣ ሶፍትዌሩ ከነባሩ ቲን ጋር ስለማይገጥምለት አዲስ ደንበኛ ይፈጥራል። በአንድ ጊዜ ብዙ ድርብ መዝገብ የተፈጠረበትን ቤት ስንመረምር መጀመሪያ ልንጠይቀው የሚገባው፣ በቅርቡ ከኤክሴል የገባ ዝርዝር መኖር አለመኖሩን ነው። መፍትሔው ዓምዱን አስቀድሞ በጽሑፍ ዓይነት ማዘጋጀትና ከ10 አኃዝ ያነሰውን ሁሉ ከፊት በዜሮ መሙላት ሲሆን፣ የተሞላውንም በደንበኛው ሰነድ ማመሳከር ነው። በሌላ በኩል አንድ ድርጅት በአንድ ቲን ብዙ ቅርንጫፎች ሊኖሩት ይችላል። የመርካቶውና የሐዋሳው ቅርንጫፍ በአንድ ቲን መገኘታቸው ድግግሞሽ አይደለም፤ ትክክለኛው አሠራር ድርጅቱን እንደ ዋና መዝገብ ይዞ ቅርንጫፎቹን በሥሩ እንደ ማድረሻ አድራሻ ማስገባት ነው።

የአቅራቢ ደረሰኝ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በሚወጣ ደረሰኝ ላይ የሚታየው የኤፍኤስ ቁጥር፣ ማለትም የደረሰኙ ተራ ቁጥር፣ የሚቆጠረው በእያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ነው፤ ሁለት መሣሪያ ያለው አቅራቢ አንድ ዓይነት የኤፍኤስ ቁጥር ያላቸው ሁለት የተለያዩ ደረሰኞች ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ በአቅራቢውና በደረሰኝ ቁጥሩ ብቻ የሚያነጻጽር ከሆነ ሁለተኛውን ደረሰኝ ድግግሞሽ ነው ብሎ ይከለክላል፤ ሠራተኛውም ነጥብ ጨምሮ ያልፋል፤ ይህም ልማድ ሆኖ በእውነት የተደገመው ደረሰኝ በመጣ ጊዜ በዚያው መንገድ ይገባል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የሚታተመውን የመሣሪያ መለያ ኮድ ከኤፍኤስ ቁጥሩ በፊት አስገብቶ ሁለቱን በአንድነት የደረሰኝ ቁጥር ማድረግ ይገባል። በእጅ ለሚጻፍ ደረሰኝ ደግሞ የጥራዙ መለያ ፊደል ካለ ከተራ ቁጥሩ ጋር አብሮ ይገባል።

ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ቢል፣ አንዱ ሠራተኛ እንዳለ 05/01/2017 ብሎ ሲያስገባው ሌላው ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለውጦ 15/09/2024 ብሎ ሊያስገባው ይችላል። ሶፍትዌሩ በመካከላቸው ከ7 ዓመት በላይ ልዩነት ስለሚያይ ምንም አያስጠነቅቅም። በአንድ ድርጅት ውስጥ የትኛው አቆጣጠር እንደሚገባ በጽሑፍ መወሰን አለበት፤ ድግግሞሽ ሲፈለግም ቀኑን ትቶ በአቅራቢ፣ በደረሰኝ ቁጥርና በገንዘብ መጠን መፈለግ ይሻላል።

የዕቃ መዝገብን በተመለከተ ከስሙ ጋር መለኪያው መታየት አለበት። «ሲሚንቶ» በኩንታል ተመዝግቦ «ሲሚንቶ 50 ኪሎ» በከረጢት የተመዘገበ ቢሆን ዕቃው አንድ ቢሆንም ቁጥሮቹ እንዲሁ አይደመሩም፤ 40 ኩንታል 80 ከረጢት ነውና መጀመሪያ መለኪያውን ማስማማት የግድ ነው።

አራተኛ፦ በአማርኛ የተጻፉ ስሞችን ማነጻጸር

በአማርኛ ለሚመዘግብ ድርጅት ዋናው የድግግሞሽ ምንጭ ይህ ነው፤ የውጭ አገር ሶፍትዌር ደግሞ በራሱ አያየውም። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሃይ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው አራት የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ዓለም» ብሎ የተመዘገበን ደንበኛ «አለም» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ አያገኘውም፤ ስለማያገኘውም በቅን ልብ አዲስ ይከፍትለታል።

መፍትሔው የደንበኞቹን ዝርዝር ወደ ኤክሴል አውጥቶ ከስሙ ዓምድ ጎን ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ መክፈት፣ ስሞቹን እዚያ መገልበጥና ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ነው። የሐ እና የኀ ቤተሰቦች ወደ ሀ፣ የሠ ቤተሰብ ወደ ሰ፣ የዐ ቤተሰብ ወደ አ፣ የፀ ቤተሰብ ወደ ጸ ይለወጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ለውጡ በሰባቱም ሆሄያት መደረግ እንዳለበት ነው፤ ሠን ወደ ሰ ለውጦ ሥን የተወ ሰው «ሥላሴ»ንና «ስላሴ»ን አያገናኝም። በተጨማሪም ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ መለወጥ አለባቸው፤ ሓ፣ ኃ እና ዓም እንደ ግእዛቸው ወደ ሀ እና ወደ አ ይመለሳሉ። እንደ ሗ ያሉ ዲቃላ ፊደላት ሳይቆጠሩ በጠቅላላው 37 ለውጦች ይሆናሉ። ኤክሴል ባለው የመፈለጊያና የመተኪያ ትእዛዝ በእጅ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሥራው በየወሩ የሚደገም ከሆነ ግን ማክሮ፣ ማለትም ትእዛዞቹን በተርታ በራሱ የሚፈጽም አነስተኛ ፕሮግራም፣ ማሠራት ይመረጣል። የደንበኛው እውነተኛ ስም ራሱ በሰነዱ ላይ እንደተጻፈ ይቆያል፤ የሰውን ስም አጻጻፍ ለፍለጋ ምቾት ብለን መለወጥ አይገባንም።

ከፊደላቱ ቀጥሎ ምሕጻረ ቃል አለ። «ኃ/ማርያም» እና «ኃይለ ማርያም»፣ «ገ/መድኅን» እና «ገብረመድኅን» አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ምሕጻረ ቃልን በአንድ ትእዛዝ መዘርዘር አደገኛ ነው፤ «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያምም ተስፋ ማርያምም ሊሆን ይችላልና፣ እንዲህ ያሉትን ለብቻ አውጥቶ በቲን ወይም በስልክ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። «አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «ዶ/ር» የመሳሰሉት መጠሪያዎች ከማነጻጸሪያው ዓምድ ይወገዱ። በድርጅት ስም መጨረሻ የሚመጣው «ኃ/የተ/የግ/ማ»፣ «ኃ.የተ.የግ.ማኅበር» ወይም «ፒኤልሲ» የሚለውም ይወገድ፤ «ትሬዲንግ» እና «ትሬድንግ» የሚሉትም ወደ አንድ ይምጡ።

ክፍት ቦታዎችም አሉ። በስም መጨረሻ ላይ የቀረ ወይም በሁለት ቃላት መካከል የተደገመ ክፍት ቦታ ለዓይን አይታይም፤ የኤክሴሉ ትሪም የተባለው ቀመር ያጸዳዋል። ከድረ ገጽ የተገለበጠ ጽሑፍ ይዞት የሚመጣውን ልዩ ክፍት ቦታ ግን ትሪም ስለማያነሣው ለብቻው መተካት አለበት፤ ሁለት ነጥብ «፡» በቃላት መካከል የተጻፈበት ስም ካለም ነጥቡ በተራ ክፍት ቦታ ይተካ። ዓምዱ ከተዘጋጀ በኋላ ካውንትኢፍ በተባለው ቀመር ከአንድ ጊዜ በላይ የመጡትን መለየት ይቻላል። ይህ ቀመር በአኃዝ ብቻ የተጻፈን መለያ እንደ ቁጥር ስለሚያየውና ኤክሴል የሚይዘው እስከ 15 አኃዝ ብቻ ስለሆነ፣ 16 አኃዝ ያላቸውና በመጨረሻው ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቁጥሮችን አንድ ናቸው ይላል። ረጃጅም ቁጥሮችን ሲያነጻጽሩ ከፊት አንድ ፊደል ጨምሮ ጽሑፍ ማድረግ ከዚህ ስሕተት ያድናል።

አምስተኛ፦ ድግግሞሽ ሳይኖር የሚመጣ ስሕተት

አንዳንድ ጊዜ ምንም ያህል ቢፈለግ የተደገመ መዝገብ አይገኝም፤ ሆኖም ስሕተቱ ይመጣል። ሁለት ምክንያቶች በተለይ ሊታወቁ ይገባል። አንደኛው ከሌላ ሶፍትዌር መረጃ ከነመለያ ቁጥሩ በገፍ ከገባ በኋላ የሚከሠት ነው። ለምሳሌ በፖስትግሬስ ላይ እስከ 5,000 ቁጥር ያላቸው መዝገቦች በቀጥታ ቢገቡ፣ ለአዲስ መዝገብ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ ግን ከነበረበት አይንቀሳቀስም፤ ከ1 ጀምሮ ቁጥር ሊሰጥ ሲሞክር ቀድሞ ከተያዘው ጋር ይጋጫል። ማንንም ደንበኛ መሰረዝ አያስፈልግም፤ የዳታቤዝ ባለሙያው ቆጣሪውን ከከፍተኛው ቁጥር ቀጥሎ እንዲጀምር ካደረገው ይበቃል።

ሁለተኛው በአማርኛ ላይ ብቻ ሳይሆን ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት ሁሉ ላይ የሚደርስ ነው። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የስም ዓምዱ ቫርቻር በሚባለው ዓይነት ከተሠራ፣ በተለመደው አቀማመጡ የግእዝ ፊደላትን መያዝ ስለማይችል እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «አበበ» የሚለው «???» ሆኖ ይቀመጣል፤ «ከበደ»ም እንዲሁ። ስሙ እንዳይደገም የተከለከለ ከሆነ፣ ከበደን ለመመዝገብ የሞከረ ሠራተኛ አበበ ስላለ ብቻ ይከለከላል። በዝርዝሩ ውስጥ የጥያቄ ምልክቶች ካዩ ችግሩ የሠራተኛው እንዳልሆነ ወዲያውኑ ለባለሙያ ያሳውቁ፤ ዓምዱ ወደ ኤንቫርቻር መለወጥ አለበት፣ ፊደሎቹ የጠፉባቸው ስሞች ግን ከሰነድ እንደገና ከመጻፍ በቀር አይመለሱም።

ስድስተኛ፦ ማዋሐድ

ሁለቱ መዝገቦች አንድ መሆናቸው በሰነድ ከተረጋገጠ የትኛው እንደሚቀር ይወሰናል። መጀመሪያ የተከፈተው ሁልጊዜ አይሻልም፤ ትክክለኛው ቲን ያለውና ብዙ እንቅስቃሴ የተመዘገበበት ቢቀር ይመረጣል። ከዚያ የሁለቱም ዝርዝር ሂሳብ ይታተም። ለምሳሌ በአንዱ 184,500 ብር ተሰብሳቢ፣ በሌላው 60,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ ቢገኝ፣ ከውሕደቱ በኋላ የሚጠበቀው 124,500 ብር ተሰብሳቢ መሆኑ በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ይጻፋል። ይህን ሳይጽፉ ማዋሐድ መጀመርን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ውጤቱን የሚመዝኑበት ሌላ ነገር አይኖርምና።

በኢአርፒኔክስት ላይ የሚጠፋውን መዝገብ ከፍቶ ስሙን ለመቀየር በሚመጣው መስኮት የሚቀረውን መዝገብ ስም መጻፍና ከነባሩ ጋር አዋሕድ የሚለውን ምርጫ ምልክት ማድረግ ነው፤ ደረሰኞቹና ክፍያዎቹ አብረው ይዛወራሉ። በኦዱ ላይ ከዕውቂያዎች ዝርዝር የሚዋሐዱትን መርጦ ከድርጊቶች ምናሌ ማዋሐጃውን መክፈት ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ ከ3 በላይ አይቀበልም፣ ኢሜይላቸው የተለያየ ዕውቂያዎችን ደግሞ አድሚኑ ብቻ ነው የሚያዋሕደው። ከፋይል በሚገባ መረጃ ላይም በኦዱ የውጭ መለያ የሚባለውን ዓምድ መሙላት ትልቅ ጥቅም አለው፤ መለያው ቀድሞ ካለ አዲስ ከመፍጠር ይልቅ ነባሩን ያስተካክላል።

ማዋሐጃ በሌላቸው የቆዩ የፒችትሪ ቅጂዎች ሥራው ረዘም ይላል። እንቅስቃሴ ያለበት ደንበኛ አይሰረዝም። ብዙዎች የሚሞክሩት በጠቅላላ ጆርናል ማዛወር ደግሞ የደንበኛውን ዝርዝር ሂሳብ ስለማይነካ የዋናውንና የዝርዝሩን ሂሳብ ያለያያል። የሚሻለው አንድ ጊዜያዊ የማዛወሪያ ሂሳብ ከፍቶ፣ በሚዘጋው ደንበኛ ላይ በቀሪው ልክ ዕዳውን የሚቀንስ የክሬዲት ሰነድ፣ በሚቀረው ደንበኛ ላይ በዚያው ልክ ኢንቮይስ መሥራት፣ ሁለቱንም በማዛወሪያው ሂሳብ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ቀሪው ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል። በእነዚህ ሰነዶች ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ እንዳይሰላና የሽያጭ ሂሳብ እንዳይነካ በጥብቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ያልተሸጠ ሽያጭ በሪፖርቱ ላይ ይወጣል። በመጨረሻ የማዛወሪያው ሂሳብ ቀሪ ዜሮ መሆኑ ይረጋገጥና የተዘጋው ደንበኛ አገልግሎት የማይሰጥ ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። በፒችትሪ ኮድ ላይ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል እንደ ተለያየ ስለሚቆጠር ሁሉም ኮድ በትልቁ ብቻ እንዲጻፍ መወሰን ብዙ ድግግሞሽ ያስቀራል።

ሁለት ጊዜ የገባ የግዥ ደረሰኝ ግን አይዋሐድም፤ አንደኛው ይሰረዛል ወይም በተቃራኒ ምዝገባ ይመለሳል። ከመሰረዙ በፊት ክፍያ የተፈጸመበት የትኛው እንደሆነ፣ የግብዓት ታክሱም በየትኛው ወር እንደተጠየቀ ይታይ። ወሩ ለገቢዎች ከተገለጸ በኋላ የተገኘ ከሆነ ጉዳዩ ከሶፍትዌር አልፏል፤ የተገለጸው እንዴት እንደሚታረም የድርጅቱ ሂሳብ ኃላፊ እስኪወስን ድረስ መዝገቡ ሳይነካ ይቆይ።

ሰባተኛ፦ ማመሳከርና መዝግቦ ማስቀመጥ

ውሕደቱ እንዳለቀ የሚቀረው መዝገብ ዝርዝር እንደገና ታትሞ አስቀድሞ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ይመሳከራል፤ የተሰብሳቢ ሂሳብ ጠቅላላ ድምርም ከውሕደቱ በፊት ከነበረው አንድ ሳንቲም ሊለይ አይገባም። ልዩነት ካለ ሌላ ሥራ ሳይገባ በዚያው ሰዓት ወደ ባክአፑ መመለስ ይሻላል፤ በማግሥቱ አዲስ ሽያጭ ከተመዘገበ መመለሱ የዚያን ቀን ሥራ ያጠፋል።

ቀጥሎ አዲስ ደንበኛ፣ አቅራቢና ዕቃ የመክፈት ፈቃድ በጥቂት ሰዎች እጅ እንዲሆን ይደረግ፤ ቲን የሚገባበት ቦታም እንዳይደገም በሶፍትዌሩ ቅንብር ይከልከል። ሽያጭ ላይ ያለው ሠራተኛ አዲስ ደንበኛ ሲመጣበት ወረፋ እንዳይቆም የሚል ስጋት ይነሣል፤ ስጋቱ ትክክል ነውና፣ ፈቃዱ ያለው ሰው በሌለበት ሰዓት የሚተካው ሰው አብሮ ይሰየም።

የተዘጋው ኮድ፣ የቀረው ኮድ፣ ቀኑ፣ ምክንያቱና ያጸደቀው ሰው በአንድ ዝርዝር ላይ ይመዝገቡ፤ የተዘጋው ኮድም በሚቀረው መዝገብ ማስታወሻ ውስጥ ይጻፍ። ደንበኛው በእጁ ባለው የቆየ ደረሰኝ ላይ የተጻፈውን ኮድ ይዞ ሲመጣ ወይም ኦዲተር ያለፈውን ዓመት ሰነድ ሲያመሳክር፣ ሠራተኛው ኮዱን ፈልጎ ስላጣው ብቻ ሦስተኛ መዝገብ እንዳይከፍት የሚያደርገው ይህ ማስታወሻ ነው።